ሸዋ ሮቢት ወርጄ የውኃ ተራ አገኘሁ

ሰው ደብረ ብርሃን ተወልዶ፣ ደብረ ብርሃን አርጅቶ፣ ቆላውን ከጣርማ በር አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ከማየት በቀር ሳይረግጠው ሊሞት ይችላል። የሰፈሬ ሰው አብዛኛው እንደዚያ ነው። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ሳስተምር ይፋት ማለት ካርታው ላይ ቡኒው አልቆ አረንጓዴው የሚጀምርበት ቦታ ነበር። ይህን የምጽፈው ወርደው ለማያውቁትና ለማይወርዱት ነው። ገብቶኝ የምጽፍ እንዳይመስላችሁ፤ ከተመለስኩ ወራት አልፈዋል፣ አሁንም ግራ እንደገባኝ ነው።

የጉዞው ሰበብ በለጠ ነው። በለጠ የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ዛሬ ሸዋ ሮቢት አካባቢ የመስኖ ባለሙያ ሆኗል። አንድ ቀን ደወለና፣ “ቲቸር አስካለ፣ ገበሬዎቹ ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ጎረቤት አገሮች ኅብረት ሬዲዮ እየሰሙ መውጫ አሳጡኝ። ሦስት ሆነው ጀመሩ፣ አምስት ሆኑ፣ አሁን ስምንት ደረሱ ይላሉ። እኛስ እንገባለን ወይ? ስንገባ የሰው አገር ሽንኩርት መጥቶ የኛን ያረክሰዋል ወይ? ይሉኛል። እኔ የማውቀው ቦይ ነው፣ አገር አላውቅም። ይምጡና ያስረዱልኝ” አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አስረጂኝ ያለኝ ሰው ስላልነበረ እሺ ለማለት አልዘገየሁም።

ማክሰኞ ጠዋት ሹራብ ለብሼ፣ ጋቢ ደርቤ፣ ከትምህርት ቤት የተዋስኩትን የአፍሪካ ካርታ ጠቅልዬ መነኸሪያ ደረስኩ። የሚኒባሱ ረዳት ጥቅሉን አየና፣ “እማማ፣ ቧንቧ ጣሪያ ላይ ነው የሚጫነው” አለኝ።

“አፍሪካ ናት” አልኩት።

“አፍሪካም ብትሆን ጣሪያ ላይ ነው የምትወጣው” አለና ወስዶ አሰራት።

ከጣርማ በር ዋሻ ስትወጡ መንገዱ ይጠመዘዛል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ አየሩም በየኩርባው ይለወጣል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝቼ ጋቢዬን አወለቅሁ። አርማንያ ላይ ሹራቤን አወለቅሁ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ማውለቅ የቀረኝ ክብሬን ብቻ ነበር። እኛ አገር በዚያ ሰዓት ፀሐይ የሚሞቅ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ እዚያ ግድግዳ የሚደገፈው ጥላ ፍለጋ ነው። ካርታዬን ሲያወርዱልኝ ደግሞ አጠገቧ የተጫነ የምግብ ዘይት ጀሪካን ሲያፈስባት ቆይቶ፣ ከሱዳን እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ርሳለች። የምሥራቅ አፍሪካ ድንበር ሁሉ ደብዝዞ እርስ በርሱ ተያይዟል። ረዳቱ፣ “ይደርቃል” አለና ሄደ።

በለጠ በባጃጅ ተቀበለኝ። ሆቴሉ ሁሉ በስብሰባ እንግዳ ተይዟል አለና ከከተማው ወጣ ብሎ ቦዩ ዳር ወዳለ ቤት ወሰደኝ። ይህን ነገር አስታውሱት፤ በኋላ ይመጣል።

ቤቱ የጋሼ እንድሪስ ነው። ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲናገሩም አንድ ዓይናቸውን ወደ ማሳቸው ያደርጋሉ። ማሳው ከደጃፋቸው ጀምሮ ሽንኩርት ነው። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ እጄን ይዘው አስገቡኝና በሰሌን ማራገቢያ አራገቡልኝ። ግቢው ውስጥ ጥግ ላይ ላስቲክ የለበሰች አንዲት ክፍል አለች። እዚያ የጋሼ እንድሪስ ታናሽ እህት ዘይነባ ትኖራለች። አጣዬ የነበራት ቤት ተቃጥሎ ነው የመጣችው። አዲስ ቤት ግድግዳው ቆሞላታል፣ ቆርቆሮ ነው የቀረው። “የዘንድሮው ሽንኩርት የሷ ጣሪያ ነው” አሉኝ እትዬ ዘሃራ፤ ጠይቄአቸው አይደለም፣ ሽንኩርቱን ሳደንቅ ነው።

ምሳ ዶሮ ቀረበልኝ። እኔ ክርስቲያን መሆኔን በለጠ አስቀድሞ ነግሯቸው ኖሮ፣ እትዬ ዘሃራ ዶሮዋን ከነነፍሷ ለክርስቲያን ጎረቤታቸው ሰጥተው፣ እዚያ አሳርደው፣ በጎረቤት ድስት አሠርተው ነው ያስመጡት። እነሱ አልነኩትም፤ የራሳቸውን ሽሮ እየበሉ እኔን “ብይ እንጂ” ይሉኛል። አፈርኩ። እኛ ሰፈር የእስላም እንግዳ ሲመጣ ሽሮ ሠርተን ተገላገልን እንላለን እንጂ፣ ዶሮ አስይዞ ጎረቤት የሚሄድ አላየሁም። እንጀራው የማሽላ ነው፤ ጣፈጥ ይላል፣ ቶሎም ያጠግባል።

ስለ አዳሬ ብዙ አልልም። አጎበር የሚባለውን የትንኝ መከላከያ አወራረዱን ባለማወቄ እንደ ሙሽራ ቬሎ ተጠምጥሞብኝ፣ ዘይነባ እየሳቀች ፈታችኝ። ብርድ ልብስ የለም ብዬ ስፈልግ ደግሞ ሰዎቹ ግራ ገባቸው።

ረቡዕ ጠዋት ዋርካው ሥር ተሰበሰብን። ጾም ስለሆነ ቁርሴ ፓፓያ ነበር፣ እሱም ተቆርጦ ተዘጋጅቶ ነው የጠበቀኝ። በዘይት የራሰችውን ካርታ በለጠ ግንዱ ላይ ወጠራት። አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብለው አዩና፣ “ድንበሩ የታለ?” አሉ። ዘይት አጥፍቶት ነው አልኳቸው። “መልካም ዘይት ነው” አሉና ተቀመጡ።

እኔም ጀመርኩ። አገሮቹ ሦስት ሆነው እንደተነሱ፣ ሌሎቹ አንድ ሁለት እያሉ እንደተጨመሩ፣ አንዳንዱም ዓመታት በር ላይ ቆሞ እንደገባ፣ ገበያቸውን ለመቀላቀልና ቀረጥ ለማንሳት እንደተስማሙ፣ ወደፊት አንድ ገንዘብ፣ ከዚያም አልፎ አንድ መንግሥት የመሆን ሐሳብ እንዳላቸው፣ አገራችን ግን አባል እንዳልሆነች ተናገርኩ። አዲስ አገር የሚገባው መሪዎቹ ሁሉ ሲስማሙ ነው አልኩ። እዚህ ላይ ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ተማሪ እንደዚያ ሲተያይ ደብተር ተሰርቋል ማለት ነው፤ እዚህ ምን እንደሆነ አልገባኝም።

ጋሼ እንድሪስ እጃቸውን አወጡ። “አዲስ የገባው አገር ተራው ከማን ፊት ነው?”

“ተራ የለም፣ ሁሉም እኩል ነው” አልኩ።

“እኩል ከሆነ ፊት የነበሩት ለምን እሺ ይላሉ?”

አሰብኩ። ገበያ ይሰፋል አልኩ። ጉልበት ይጨምራል አልኩ። ለገዛ ጆሮዬም የመጽሐፍ ንባብ መሰለኝ። ሲጨንቀኝ፣ “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ብዬ ተረትኩ።

“ሎሚው አንድ፣ ሰው ሃምሳ የሆነ እንደሆንስ?” አሉ ድንበሩን የጠየቁት ሽማግሌ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ማንም አልሳቀም።

ከዚያ የአገር ወሬ ቀረና የራሳቸው ጉዳይ ተነሳ። ነገሩ እንዲህ ነው። ቦዩን ከሮቢ ወንዝ ጠልፈው የቆፈሩት የሦስት መንደር ሰዎች ናቸው። የውኃ ማኅበር አላቸው፤ ውኃውን በተራ የሚያከፋፍል የውኃ አባት የሚሉት ሰው መርጠዋል። ኋላ አንድ መንደር ተጨመረ፣ ቆይቶ ሌላ። አሁን ታች ሰፈር የሚባለው ደግሞ ግቡ በሉን እያለ ስንት ጊዜ ለምኗል። ደንባቸው እንደ አገሮቹ ነው፤ አንድ ሰው እንኳ አይሆንም ካለ የለማኙ ነገር ለሌላ ጊዜ ይቆያል። ከታች ሰፈር የመጣችው ሙሉ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመችና፣ “ማሾዬ አበባው እየረገፈ ነው፤ ቦዩን ለመጥረግ የምንወጣ እኛም እጅ አለን” ብላ ተቀመጠች። ማሾ እዚያ አገር የሚዘሩት ደቃቅ አረንጓዴ ጥራጥሬ ነው።

የውኃ አባቱ ወደኔ ዞሩ። “እንግዳ ባለበት ሸንጎ የእንግዳ ቃል ሳይሰማ አይበተንም። አንቱ ምን ይላሉ?”

ምን ልበል? አገር ለአገር ይቀላቀል ስል አርፍጄ፣ መንደር ለመንደር አይቀላቀል ልል ነው? “ይግቡ እንጂ፣ ምን ቸገረ” አልኩ።

ሁሉም ጋሼ እንድሪስን ያያል። እሳቸው ማሳቸውን አዩ፣ ካርታዬን አዩ፣ ከዚያ፣ “እንግዳዬ ተናግረዋል” አሉ። የውኃ አባቱ፣ “እንግዲያው አለቀ” አሉ። ሙሉ የተባለችው ሴት ጉልበቴን ልትስም ወደቀች፤ ከታች ሰፈር የመጡት ሁሉ መረቁኝ። አንድ ትልቅ ነገር እንዳደረግሁ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ራት ላይ እትዬ ዘሃራ እንደ ማክሰኞው “ብይ እንጂ” አሉኝ፣ ድምፃቸው ግን ቀጠን ብሏል። ደክሟቸው ነው ብዬ መብላቴን ቀጠልኩ።

ሐሙስ ማለዳ ለታች ሰፈር ውኃ ሊከፈት ነው ተባለና ከዘይነባ ጋር ወጣሁ። ውኃው በቦዩ እየተገፋ መጣ። በጋሼ እንድሪስ ሽንኩርት አጠገብ ሲደርስ ይገባ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልገባም፣ አልፎ ወረደ።

“የናንተ ተራ መቼ ነው?” አልኳት።

“ዛሬ ነበር” አለች ዘይነባ።

ቆምኩ። እሷ ግን እየሄደች ነው የምትነግረኝ፣ ደግሞ የምትከሰኝ አትመስልም። አዲስ የገባ በመጀመሪያው ዙር ይቀድማል፤ እንግዳ ስለሆነ። ተራውን የሚወስደውም ቀጥሎ ተራ ከሚደርሰው ሰው ላይ ነው። የሚቀጥለው ተራ የወንድሟ ስለነበረ በዚህ ዙር አይሆንም ሲሉ የቆዩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ክፋት ኖሯቸው አይደለም። ሽንኩርቱ አሁን ነው የሚቋጥረው። አሁን ውኃ ካጣ የጣት ጫፍ ሆኖ ይቀራል።

“ታዲያ ትናንት ለምን አይሆንም አላሉም?”

“አንቺ አልሽና። ያሳደሩትን እንግዳ ቃል በሸንጎ ያፈረሰ ሰው እዚህ አገር የለም። ወላሂ ሰው ይስቅበታል።”

የዚህችን ሴት ጣሪያ ነው ምን ቸገረ ያልኩት። በለጠን ፈልጌ ቢሮው ደጃፍ ላይ አገኘሁት። “አንተ፣ እኔን እዚያ ቤት ያሳደርከኝ አውቀህ ነው?” አልኩት።

“ቲቸር፣ ሆቴሉ ሞልቶ ነበር።”

“ዓይኔን እያየህ ንገረኝ።”

“ሞልቶ ነበር፤” አለና ጫማውን አየ። ልጅ ሆኖም የቤት ሥራ ሳይሠራ ሲመጣ ጫማውን ነበር የሚያየው። ያም ሆኖ ማምሻውን ከተማ ገብቼ ብጠይቅ ሆቴሉ እውነትም ሞልቶ ነበር። እስከዛሬ የቱን እንደማምን አላውቅም።

ጋሼ እንድሪስ ከማሳቸው ዳር ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። “ጋሼ፣ ሳላውቅ ነው የተናገርኩት። ሸንጎውን ይጥሩልኝና ቃሌን ላንሳ” አልኳቸው።

“ቃልማ እንደ ጋቢ አይወለቅም” አሉ፤ መንገድ ላይ ስላወለቅሁት ልብስ ለዘይነባ አውርቻት ኖሮ ነግራቸዋለች። ከዚያ፣ “እኔም አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያ ኅብረት የሚሉት፣ ሦስቱ አገሮች አሁን ስምንት ሲሆኑ ደስ ብሏቸዋል?” አሉኝ።

“እኔ እንጃ” አልኩ። “አንዳንዱ ደስ ብሎታል፣ አንዳንዱ ያጉረመርማል ይባላል። የወጣ ግን የለም።”

“እኔም አልወጣም። ግን ደስ አላለኝም” አሉ። እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰገንኳቸው፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ዓርብ ጠዋት ዕቃዬን ሸክፌ ልሰናበት ስል የውኃ አባቱ ሰው ላኩብኝ፣ ቦዩ አፍ ድረስ ይምጡ አሉ። ስደርስ የታች ሰፈር ተራ አልቋል። እዚያ የተሰበሰበው ሰው የታች ሰፈሯን ሙሉን ይጠብቃል። አዲስ ገብቶ የቀደመ ሰው ተራውን ሲጨርስ ተረካቢውን በአፉ ይሰይማል፤ የምስጋና ነው፣ አንዴ ብቻ ነው የሚደረግለት። ጋሼ እንድሪስን ትላለች ብዬ ልቤ ቀለል አለኝ። ሁሉም እንደዚያ ሳይጠብቅ አልቀረም፤ ጋሼ እንድሪስ ራሳቸው ዶማቸውን ይዘው ቆመዋል።

ሙሉ ዞር ዞር ብላ አየችኝና፣ “ለመምህርቷ ይሁን። አፏን የከፈተችልን እሷ ናት” አለች።

“እኔ? እኔ መሬት የለኝም እኮ” አልኩ።

“ውኃ ግን አለዎት” አሉ የውኃ አባቱ፣ ፈገግም ሳይሉ። “ይቀበሉ፤ እየፈሰሰ ነው።”

እውነትም እየፈሰሰ ነው፤ የኔ ውኃ በባዶ ቦይ ወደ ወንዙ ይመለሳል። እኛ ቤት ቧንቧ በሳምንት ቢመጣ ነው፣ ሲመጣም ባልዲ ይዘን የምንሮጥ ሰዎች ነን። “ለጋሼ እንድሪስ ሰጥቻለሁ” አልኩ።

ጋሼ እንድሪስ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ያሳደርኩት እንግዳ ውኃ ሰጠኝ ልበል? አይሆንም።”

“ሽንኩርቱ…”

“አይሆንም፣ እትዬ አስካለ።”

የሰጡኝን የማላውቅበት፣ ልሰጥ ስል የሚቀበለኝ ያጣሁበት እንደዚያ ያለ ቦታ አይቼ አላውቅም። ሸንጎው ሁሉ ያየኛል፣ ውኃው ይሄዳል። ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም፤ በደንባቸውም፣ በራሴም፣ በካርታዬም ነው። ዘወር ስል ዘይነባን አየኋት፤ ከሁሉም ኋላ ቆማለች።

“ይቺስ?” አልኩ የውኃ አባቱን። “ይቺ የቤቱ ሰው ናት ወይስ እንግዳ?”

ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩ። አንዱ እህት ናት አለ፣ ሌላው ተፈናቅላ የመጣች እንግዳ ናት አለ። ዘይነባ ራሷ ቆረጠችው። “የራሴ ጣሪያ እስኪኖረኝ እንግዳ ነኝ” አለች።

“እንግዳ ለእንግዳ ቢሰጥ ነውር የለውም” አሉ የውኃ አባቱ።

“እንግዲያው ለዘይነባ” አልኩ።

ዘይነባ ሄዳ ከወንድሟ እጅ ዶማውን ተቀበለች። ውኃው የት እንደሚገባ አልጠየቀችም፣ የጠየቃትም የለም። ወደ ሽንኩርቱ የሚያስገባውን የቦይ አፍ ሁለት ሦስቴ መታችው፣ ውኃውም ዞረና ገባ። ጋሼ እንድሪስ ይህን አላዩም። “ጁምዓ ሊደርስ ነው” ብለው ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤት እየሄዱ ነበር፤ አካሄዳቸው ግን የቸኮለ ሰው አልነበረም።

ከሰዓት ሚኒባስ ስሳፈር እትዬ ዘሃራ ፓፓያና ማንጎ አሸከሙኝ። ካርታዋን ዋርካው ሥር ተውኳት፤ ለትምህርት ቤቱ ምን እንደምል አሁንም አላሰብኩም። አርማንያ ላይ ሹራቤን፣ ደብረ ሲና ላይ ጋቢዬን መልሼ ለበስኩ። ቤቴ ስደርስ ቧንቧው ደርቆ ጠበቀኝ።

ሳምንት ያህል አልፎ በለጠ ደወለ። “ቲቸር፣ ተራዎ ደርሷል። ለማን ይፍሰስ?”

ቀልድ መስሎኝ ተቆጣሁት። ቀልድ አይደለም። አንዴ ተራ የያዘ ሰው ከዙሩ አይወጣም፣ ቦዩ በሚጠረግበት ቀን በኔ ፋንታ ዶማ የሚይዘው ደግሞ እሱ በለጠ ነው፤ ለቅጣቱ ይሁን ለደስታው አልነገረኝም። “ለዘይነባ” አልኩ። ከዚያ ወዲህ በየዙሩ ይደውላል፣ እኔም ባልዲዬ ባዶ ሆኖ “ለዘይነባ” እላለሁ። የሰፈሬ ሴቶች ሸዋ ሮቢት መስኖ አላት እያሉ ይስቁብኛል። ሽንኩርቱ ተነቀለ፤ ክፉ አልነበረም፣ ግን ከታሰበው አነሰ። አንድ ቀን ዘይነባ ደውላ፣ “እትዬ፣ አይሰማኝም፣ ቆርቆሮ እየመቱ ነው” አለችኝና ስልኩን ወደ ላይ ያዘችልኝ። ምስማሩ ሲመታ ሰማሁ። ግማሹ ነው የተሸፈነው፤ ግማሹ የሚቀጥለውን ሽንኩርት ይጠብቃል።

ሬዲዮው ስለዚያ የአገሮች ኅብረት ሲያወራ ድሮ የአገሮቹን ብዛት ነበር የማዳምጠው። አሁን ማን እሺ ብሎ ማን አይሆንም እንዳለ፣ እሺ ያለውስ ለምን እንዳለ እንዲነግረኝ እጠብቃለሁ፤ አይነግረኝም።

ባለፈው ሰሞን በለጠ እንደገና ደወለ። ተራዬ ገና ስለነበር ደነገጥኩ። “ቲቸር፣ ሌላ ሁለት መንደር እንግባ ብሎ ለምኗል። ዋርካው ሥር ነን፣ ሁሉም እሺ ብሏል፣ ጋሼ እንድሪስም። እርስዎም አባል ነዎት፣ ቃልዎ እየተጠበቀ ነው። ይግቡ ወይስ ይቆዩ?”

አፌን ከፈትኩ። ምን ቸገረ የምትለው ቃል እምላሴ ላይ ነበረች። ያ ያልተሸፈነው የጣሪያ ግማሽ ግን ትዝ አለኝ፣ ሰማዩ የሚታይበት።

“ቲቸር? ይሰማዎታል?”

“ይሰማኛል” አልኩት። “የሚገቡት ከኔ ተራ በፊት ነው ወይስ በኋላ?”